ሰው ሲሸጥ መግዛት፣ ሰው ሲገዛ መሸጥ ያዋጣል ወይ? ከደሴ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ በልብስ ንግድ የምተዳደር ሰው ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእቁባችን አባላት በብዛት የባንክ አክሲዮን ሲገዙ እኔ አልገዛሁም ነበር። አሁን ደግሞ ከእነርሱ ብዙዎቹ "ገንዘባችን ታስሮ ቀረ" እያሉ ገዢ ይፈልጋሉ። አንድ ዘመዴ "ሀብታም የሚሆነው ሰው ሲሸጥ የሚገዛ፣ ሰው ሲገዛ የሚሸጥ ነው፤ ዕድልህ አሁን ነው" ይለኛል። በቁጠባ ያስቀመጥኩት 400,000 ብር አለኝ። ከብዙኃኑ ተቃራኒ መሄድ በእርግጥ ያዋጣል ወይ?

ምላሽ፦ የዘመድዎ ምክር ከባዶ የመጣ አይደለም። በዓለም የአክሲዮን ገበያዎች ስማቸው ከሚጠራ ባለሀብቶች መካከል ጥቂት የማይባሉት ትልቁን ትርፋቸውን ያገኙት ሌላው ሰው በፍርሃት በሚሸጥበት ጊዜ በመግዛት ነው። ይሁን እንጂ ምክሩ እንደ ቋሚ ሕግ ከተያዘ ገንዘብ ያጠፋል፤ ምክንያቱም ሰዎች እየሸጡ መሆናቸው ስለ ሻጮቹ የሚጠቁመን ነገር ቢኖርም፣ የሚሸጡት አክሲዮን በእርግጥ ስንት ብር እንደሚያወጣ ግን አይነግረንም። ሕዝቡ የሚያደርገውን እያየ ሁልጊዜ ተቃራኒውን የሚያደርግ ሰው ሕዝቡን ተከትሎ ከሚሄደው ሰው የሚለየው በአቅጣጫ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ውሳኔያቸውን የተዋሱት ከሌላ ሰው ነው። በእኔ እምነት ትርፍ የሚገኘው ስለ አክሲዮኑ ዋጋ በራስ የተመረመረ ዕውቀት ሲኖርና ያ ዕውቀት ከብዙኃኑ አስተያየት ጋር ሳይስማማ ሲቀር ለዓመታት ለመታገሥ የሚያስችል አቅም አብሮ ሲገኝ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ተቃራኒ መቆም ብቻውን ምንም አይጠቅምም።

በቅድሚያ ለብዙኃኑ የሚገባውን ክብር መስጠት ያስፈልጋል፤ ሕዝብ ብዙ ጊዜ ትክክል ነውና። እ.ኤ.አ. በ1906 እንግሊዛዊው የሳይንስ ሰው ፍራንሲስ ጋልተን በፕሊመዝ ከተማ በተካሄደ የከብት ትርኢት ላይ ሰዎች የአንድን በሬ የሥጋ ክብደት ለመገመት የተወዳደሩባቸውን ወረቀቶች ሰብስቦ መረመረ። በትክክል ሊነበቡ የቻሉት 787 ግምቶች ነበሩ፤ ከገማቾቹ መካከል ሉካንዳ ነጋዴዎችም ገበሬዎችም፣ ስለ ከብት እምብዛም የማያውቁ ሰዎችም ይገኙባቸው ነበር። የግምቶቹ መሀለኛ ቁጥር 547 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን የበሬው ሥጋ ትክክለኛ ክብደት ደግሞ 543 ኪሎ ግራም ያህል ሆኖ ተገኘ። የአንዱ ሰው ስሕተት ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች ስለነበረ ስሕተቶቹ እርስ በርስ ተካካሱና የጋራው ግምት ለእውነቱ እጅግ ቀረበ። ይህ ሊሆን የቻለው ግን እያንዳንዱ ሰው ግምቱን ብቻውን ጽፎ፣ የጎረቤቱን ወረቀት ሳያይ ስላስገባ ነው። በአክሲዮን ገበያም ብዙ ሰዎች ኩባንያውን በየራሳቸው መርምረው የሚገዙና የሚሸጡ ከሆነ፣ ከዚያ የሚወጣው ዋጋ አንድ ግለሰብ በቀላሉ የሚያርመው አይሆንም፤ ተቃራኒ ለመቆም የሚያበቃ ምክንያትም አይኖርም።

እንግዲህ ሊጠይቁት የሚገባው ዋና ነገር ሰዎቹ ስንት ናቸው የሚለው ሳይሆን ሐሳባቸው ስንት ነው የሚለው ነው። የእቁባችሁን ሁኔታ በዚህ ዓይን ይመልከቱት። ከዓመታት በፊት አንዱ አባል በባንኩ ውስጥ የሚሠራ ዘመዱ ስለነገረው ገዛ እንበል። ሁለተኛው ስለ ባንኩ የሚያውቀው ባይኖርም የመጀመሪያውን ሰው አስተዋይነት ስለሚያውቅ ተከተለው። ሦስተኛው ሁለት ብልህ ነጋዴዎች መግዛታቸውን አይቶ፣ የራሱን ጥርጣሬ ወደ ጎን ትቶ ገዛ። ወሬው ከእቁብ ወደ ቅሬ (ዕድር)፣ ከቅሬ ወደ ቡና መጠጫው በተሻገረ ጊዜ ሠላሳ ሰው የገዛው አክሲዮን ተባለ፤ ሠላሳው ሰው ግን አንድ ሰው የሰማው አንድ ወሬ ነበር። በምጣኔ ሀብት ጥናት ይህን ሂደት እ.ኤ.አ. በ1992 በተለያየ ቦታ ያብራሩ ተመራማሪዎች ያሳዩት አንድ ቁም ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ተከታይ ሰው ሲታይ ሞኝነት አልሠራም። ከፊቱ ያሉት ሰዎች የሚያውቁት ነገር ይኖራል ብሎ ማሰቡ ተገቢ ነው። ሆኖም ሁሉም እንዲህ ሲያስብ አዲስ ዕውቀት ወደ ገበያው መግባቱ ይቆማል፣ ሰንሰለቱም በመጀመሪያው ሰው ትክክለኛነት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በዚህ መንገድ የተሠራ እምነት በትንሽ ወሬ የሚፈርሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንድ ሰው "ልሸጥ ነው" ሲል ሌሎቹ የሚይዙት የራሳቸው ማስረጃ የላቸውም። አሁን በእቁባችሁ የምታዩት የመሸጥ ፍላጎት በመግዣው ጊዜ ከነበረው ወሬ የተሻለ መሠረት እንዳለው ማጣራት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከሰው የመለየት ፍርሃት ራሱን የቻለ ጉልበት አለው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሶሎሞን አሽ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ የሁለት መስመሮችን ርዝመት ማመሳከርን በመሰለ ማንም በማይሳሳተው ጥያቄ ላይ፣ አብረው የተቀመጡት ሰዎች ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ፣ ከተፈታኞቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው የቡድኑን ስሕተት ደግመዋል። ከቡድኑ አንድ ሰው እንኳ ትክክለኛውን መልስ ሲሰጥ ግን ተፈታኙ በቡድኑ የመሸነፉ ነገር በእጅጉ ቀነሰ። እኛ ደግሞ ችግርን ከሰው ጋር መቀበል ብቻ ከመቀበል እንደሚቀል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን፤ ይህ በሐዘንና በመከራ ጊዜ ያኖረን፣ በተለይ በወሎ ሃይማኖት ሳይለይ በቅሬ ያስተሳሰረን ትልቅ እሴት ነው። በገንዘብ ውሳኔ ላይ ሲሆን ግን ከሁሉም ጋር መክሰር የማያሳፍር፣ ብቻ መክሰር ግን የሚያሳፍር ስለሚመስል ሰው ያላመነበትን ይገዛል። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆን ሜይናርድ ኬይንዝ እ.ኤ.አ. በ1936 ይህንኑ ስለ ገንዘብ አስተዳዳሪዎች ሲጽፍ፣ ለስም የሚሻለው ከተለመደው መንገድ ወጥቶ ከመሳካት ይልቅ በተለመደው መንገድ ሄዶ መውደቅ እንደሆነ ገልጿል። ዕውቀት ብቻውን ከዚህ እንደማያድንም የአይዛክ ኒውተን ታሪክ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1720 በለንደን የሳውዝ ሲ ኩባንያ አክሲዮን በዓመቱ መጀመሪያ ከ130 ፓውንድ በታች የነበረው በሰኔና በሐምሌ ወደ 1,000 ገደማ ወጣ፤ ዓመቱ ሳያልቅም ከ200 በታች ወረደ። ኒውተን በመጀመሪያ በትርፍ ሸጦ ከወጣ በኋላ፣ ሌሎች መክበራቸውን ሲቀጥሉ አይቶ በከፍተኛ ዋጋ እንደገና ገባና ብዙ ገንዘብ አጣ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የጎረቤታችን የኬንያ ነው፤ ጥቂት ልቆይበት። የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 በሳፋሪኮም ከነበረው ድርሻ 25 በመቶ የሚሆነውን የኩባንያውን አክሲዮን፣ ማለትም 10 ቢሊዮን አክሲዮኖችን፣ እያንዳንዳቸውን በ5 ሺሊንግ ለሕዝብ ሸጠ። የቀረበው የግዢ ጥያቄ ለሽያጭ ከወጣው አክሲዮን በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር፤ ከባንክ ተበድረው የገቡም ብዙ ነበሩ። በሰኔ ወር ግብይቱ ሲጀመር ዋጋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ7 ሺሊንግ አለፈ። ከዚያ ግን ለመሸጥ የሚፈልገው ሕዝብ ለመግዛት ከሚፈልገው በዝቶ፣ የዓለም የገንዘብ ቀውስም ተጨምሮበት፣ በ2009 መጀመሪያ ዋጋው ከ3 ሺሊንግ በታች ወረደ። በብድር የገዛው ሰው ወለድ እየከፈለ መቆየት ስላልቻለ በኪሳራ ሸጠ፤ ኩባንያው ግን በዚያው ጊዜ በ2007 የጀመረውን በስልክ ገንዘብ የማስተላለፊያ አገልግሎት፣ ኤምፔሳን፣ እያስፋፋና ደንበኞቹን እያበዛ ነበር። የሕዝቡን ተስፋ መቁረጥ ሳይሆን የኩባንያውን ገቢና የደንበኞቹን ቁጥር እያየ በ3 ሺሊንግ የገዛ ሰው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ አክሲዮኑ ከ40 ሺሊንግ በላይ ሲሸጥ አየ። በዚያ ጊዜ ደግሞ ሳፋሪኮም ፈጽሞ የማይወድቅ ኩባንያ ነው የሚለው እምነት ሁሉም ዘንድ ደርሶ ነበር፤ ዋጋው በ2023 መጨረሻ ከ15 ሺሊንግ በታች ነበር። ለዚህ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ኩባንያው በእኛ አገር ሥራ ለመጀመር ያወጣው ከፍተኛ ገንዘብ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ እንዲሉት የምፈልገው፣ ሕዝቡ በ2008 ስለ ኩባንያው አልተሳሳተም። ሳፋሪኮም በእርግጥ ጥሩ ኩባንያ ነበር። ስሕተቱ የነበረው በተከፈለው ዋጋ፣ በገዢዎቹ የትዕግሥት አቅም፣ በተለይም በብድሩ ላይ ነው። ጥሩ ኩባንያ ውድ በሆነ ዋጋ መጥፎ ግዢ ሊሆን እንደሚችል የሚረዳ ሰው ከብዙኃኑ ለመለየት የመጀመሪያውን ምክንያት አግኝቷል።

ተቃራኒ በመቆም ከተሳካላቸው ሰዎች ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የጆን ቴምፕልተን ነው፤ ሲነገር ግን ዋናው ነገር ይዘለላል። እ.ኤ.አ. በ1939 በአውሮፓ ጦርነት ሲፈነዳ ይህ ወጣት 10,000 ዶላር ተበድሮ፣ በአሜሪካ ገበያ ከ1 ዶላር በታች ይሸጡ የነበሩ የ104 ኩባንያዎችን አክሲዮን ገዛ። ከነዚህ ውስጥ 34ቱ በኪሳራ ሂደት ላይ የነበሩ ናቸው። በአማካይ አራት ዓመት ያህል ጠብቆ ሲሸጥ ወደ 40,000 ዶላር አገኘ፤ ፈጽሞ ዋጋ ቢስ ሆነው የቀሩት አራት ኩባንያዎች ብቻ ነበሩ። ድፍረቱ የሚደነቅ ቢሆንም ያዋጣው ድፍረቱ አይደለም። ጦርነት የፋብሪካ ምርት ፍላጎትን እንደሚያሳድግ፣ ስለዚህም ደካማ ፋብሪካዎች እንኳ ሥራ እንደሚያገኙ የራሱን ስሌት ሠርቶ ነበር፤ የትኛው ኩባንያ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ማወቅ እንደማይችል ስለተረዳም ገንዘቡን ከመቶ በላይ በሆኑ ቦታዎች በተነው። መበደሩን ግን ማንም እንዲከተለው አልመክርም።

ያልተሳካላቸው ሰዎች ታሪክ እምብዛም አይጻፍም እንጂ ቁጥራቸው ይበዛል። የሊማን ብራዘርስ ባንክ አክሲዮን በ2008 እ.ኤ.አ. በየወሩ ሲወርድ "ሕዝቡ በፍርሃት እየሸጠ ነው" ብለው የገዙ ሰዎች መስከረም 15 ቀን ባንኩ ኪሳራውን ሲያሳውቅ የገዙት ሁሉ ጠፋባቸው። ሕዝቡ የሸጠው ትክክለኛ ምክንያት ስለነበረው ነው። ከዚህም ሌላ ትክክል ሆኖ ቀድሞ የመድረስ ችግር አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኢንተርኔት ኩባንያዎች አክሲዮን ከአቅሙ በላይ መውጣቱን የተረዳው ታዋቂው የገንዘብ አስተዳዳሪ ጁሊያን ሮበርትሰን እነዚያን አክሲዮኖች ሳይገዛ ቀረ። ዋጋቸው ግን ለተጨማሪ ዓመታት መውጣቱን ስለቀጠለ ደንበኞቹ ገንዘባቸውን እያወጡ ሄዱ፤ እርሱም ታይገር የተባለውን ድርጅቱን በመጋቢት 2000 እ.ኤ.አ. ለመዝጋት መወሰኑን አስታወቀ። የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚበዙበት የአሜሪካው የናስዳክ ገበያ መለኪያ ከፍተኛውን 5,048 የደረሰው በዚያው ወር በ10ኛው ቀን ነበር፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጥቅምት 2002 ድረስ ወደ 1,114 ወረደ። ሰውየው በሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ለመጠበቅ የሚያስችለው ገንዘብ ግን የሌሎች ሰዎች ስለነበረ የመቆያው ጊዜ በእጁ አልነበረም።

ጥናቶችም ይህንኑ የጊዜ ጉዳይ ያረጋግጣሉ። ወርነር ዲ ቦንትና ሪቻርድ ቴለር እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ ገበያ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከሁሉ የባሰ የወደቁ አክሲዮኖች በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ቀድሞ ከሁሉ በላይ ከወጡት አክሲዮኖች በ25 በመቶ ያህል የበለጠ ትርፍ እንዳስገኙ አሳዩ። ጄጋዲሽና ቲትማን ደግሞ በ1993 ባወጡት ሥራ፣ በሦስት ወርና በአንድ ዓመት መካከል ባለው አጭር ጊዜ ሲታይ የወጣው መውጣቱን፣ የወደቀው መውደቁን እንደሚቀጥል አረጋገጡ። ሁለቱ አይጋጩም። የዘመድዎ ምክር ቢሠራ እንኳ የሚሠራው በዓመታት እንጂ በወራት አይደለም ማለት ነው። የወደቀውን ዛሬ ገዝቶ በሚመጣው ዓመት መግቢያ ላይ ለልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ሊሸጠው የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ተጨማሪ ውድቀትን ነው።

ወደ እኛ አገር ልመለስ። ከ1967ቱ የደርግ ውርስ በፊት በአዲስ አበባ የተወሰነ የአክሲዮን ግብይት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ እስኪበሠር ድረስ የተደራጀ ገበያ ሳይኖር ሃምሳ ዓመት ያህል አለፈ። አክሲዮኑን በገበያው ለመጀመሪያ ጊዜ ያስመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። እንዲህ ባለ ገና በተወለደ ገበያ ውስጥ የተመዘገቡት ኩባንያዎች ጥቂት፣ ገዢና ሻጩም ውስን ስለሆነ፣ የሚሰማው ዋጋ የብዙ ሰዎች ምርመራ ውጤት ነው ብሎ መውሰድ ያስቸግራል፤ ጥቂት ሰዎች የተስማሙበት ቁጥር ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ የገዙትን መልሶ ለመሸጥ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ጓደኞችዎ "ገንዘባችን ታሰረ" የሚሉት ቅሬታ የባንኩን ድክመት ሳይሆን ይህን የገዢ እጥረት የሚያመለክት ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱን ለይቶ ማየት ለእርስዎ ትልቅ ጥቅም አለው።

ሕዝብ አለመግዛቱም እንደ ርካሽነት ማስረጃ መወሰድ የለበትም። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 10 በመቶ ድርሻውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን፣ እያንዳንዳቸውን በ300 ብር ለሽያጭ ሲያቀርብ፣ ሽያጩ በየካቲት እስኪዘጋ ድረስ የተሸጡት 10.7 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ከ47,000 በላይ ገዢዎች 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ከፈሉ። ከዚህ ተነሥቶ "ሕዝቡ ስላልገዛው ዕድል ነው" የሚል ሰውም፣ "ሕዝቡ ስላልገዛው ውድ ነው" የሚል ሰውም ማስረጃ አላቀረበም። አንዱ በእጁ ገንዘብ ስለሌለው፣ ሌላው አክሲዮን ምን እንደሆነ ስላላወቀ፣ ሦስተኛው ዋጋውን አስልቶ ስላልተስማማበት ሊቀር ይችላል፤ የሦስቱ መቅረት ትርጉም ግን በጣም የተለያየ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ በአካባቢያችን ሁላችንም የምናውቀው የእህል ንግድ ይረዳናል። የደሴ እህል ነጋዴ በጥር ወር ገበሬው ሁሉ ጤፍ ሲሸጥ ይገዛል፣ በሐምሌና በነሐሴ ይሸጣል። ይህ ከብዙኃኑ ተቃራኒ መሆን ነው፤ የሚያዋጣው ግን ገበሬው የሚሸጠው ጤፉ ስለተበላሸ ሳይሆን የማዳበሪያ ዕዳ፣ ግብርና የልጅ ሠርግ ስለሚያስገድደው መሆኑን ነጋዴው ስለሚያውቅ ነው። ገበሬው የሚሸጠው እህሉ ነቀዝ ስለገባበት ቢሆን ኖሮ በዚያው ዋጋ መግዛት ኪሳራ ይሆን ነበር። እንግዲህ አክሲዮናቸውን ሊሸጡልዎ የሚፈልጉትን ሰዎች አንድ በአንድ፣ ለየብቻቸው፣ ለምን እንደሚሸጡ ይጠይቋቸው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ባለፉበት ጊዜ ሱቁ ተዘርፎበት እስከ አሁን ዕዳ የሚከፍል ነጋዴ አክሲዮኑን ቢሸጥ፣ ስለ ባንኩ ጤንነት የሰጠው ፍርድ የለም። ባንኩ ለማን እንደሚያበድር በቅርብ የሚያውቅ ሰው ዝም ብሎ የሚሸጥ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ከተገደደ ሻጭ መግዛትና ከሚያውቅ ሻጭ መግዛት እኩል አይደሉም።

የባንክ አክሲዮንን በተመለከተ የቅርብ ጊዜ ቅሬታዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡበትን አንድ ምክንያት በቁጥር ላሳይዎ። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮች ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል (ባለአክሲዮኖች በእርግጥ የከፈሉት ገንዘብ) ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያድግ ስላዘዘ፣ ባንኮች ብዙ አዳዲስ አክሲዮኖችን ሸጠዋል። ለማስረዳት ያህል ብቻ፣ 2 ቢሊዮን ብር ካፒታል የነበረው አንድ ባንክ 500 ሚሊዮን ብር ቢያተርፍ፣ ለእያንዳንዱ 1,000 ብር አክሲዮን 250 ብር ይደርሳል። ካፒታሉ ወደ 5 ቢሊዮን አድጎ ትርፉ 800 ሚሊዮን ቢሆን ደግሞ ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው 160 ብር ይሆናል። የባንኩ ትርፍ በ60 በመቶ ጨምሮ ሳለ የባለአክሲዮኑ ድርሻ በ36 በመቶ ቀነሰ። ባንኮች ከተጣራ ትርፋቸው 25 በመቶውን፣ መጠባበቂያው ካፒታላቸውን እስኪያክል ድረስ፣ ለሕጋዊ መጠባበቂያ ስለሚይዙ፣ ከ160ው ብር ሊከፋፈል የሚችለው ከ120 አይበልጥም። ይህን አክሲዮን በ1,600 ብር የገዛ ሰው በዓመት የሚያገኘው ቢበዛ 7.5 በመቶ ነው፤ ከባንክ ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ ከ7 በመቶው እምብዛም አይርቅም፣ አደጋው ግን ይበልጣል። በ1,000 ብር የገዛው 12 በመቶ፣ የተቸገረ ሻጭ አግኝቶ በ800 የገዛው ደግሞ 15 በመቶ ያገኛል። ባንኩ ያው አንድ ባንክ ነው። ተቃራኒ የመቆም ጥቅም የሚለካው በዚህ ዋጋ ላይ ነው፤ ሻጩ ተስፋ ቆርጫለሁ እያለ የድሮውን ዋጋ ከጠየቀ፣ የእርሱ ተስፋ መቁረጥ ለእርስዎ ያመጣው ዕድል የለም።

ስሌቱ በዚህ አያበቃም። የተሰበሰበው አዲስ ካፒታል በደህና ብድር ላይ ከዋለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ትርፍ ሊያንሠራራ ይችላል፤ ካልዋለ ግን የጓደኞችዎ ቅሬታ ትክክል ሆኖ ይጸናል። ይህን ለመለየት የባንኩን በውጭ ኦዲተር የተመረመረ ዓመታዊ ሪፖርት፣ ቢያንስ የተከታታይ ሦስት ዓመት፣ ማግኘት አለብዎት። በቅድሚያ ለአንድ አክሲዮን የደረሰውን ትርፍ ከዓመት ዓመት ያነጻጽሩ፤ ጠቅላላ ትርፉ ብቻውን እንዳያታልልዎ። ቀጥሎ የተበላሸ ብድር ከጠቅላላው ብድር ስንት በመቶ እንደሆነና ብሔራዊ ባንክ በጣሪያነት ካስቀመጠው 5 በመቶ አንጻር የት እንደቆመ ይመልከቱ። ኦዲተሩ በአስተያየቱ ውስጥ የያዘው ቅሬታ ካለ ደግሞ ከማስታወቂያ ሁሉ በላይ ያንን ይመኑ። ማንበቡ ከከበደዎት በወሎ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ (አካውንቲንግ) ትምህርት የሚያስተምር ወይም በሙያው የሠራ ሰው በአንድ ከሰዓት አብሮዎት ሊያነበው ይችላል፤ ስለ መግዛት ወይም አለመግዛት አስተያየቱን ሳይጠይቁ፣ ቁጥሮቹን ብቻ እንዲያስረዳዎ ይጠይቁት።

ይህን ሠርተው ሲጨርሱ፣ ከማንም ጋር ከመወያየትዎ በፊት፣ አክሲዮኑ በእርስዎ ግምት ስንት ብር እንደሚያወጣና ለምን እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ነገር ቢከሠት ሐሳብዎን እንደሚቀይሩ ጭምር በወረቀት ይጻፉ። በጋልተን በሬ ውድድር እንደነበሩት ሰዎች ግምትዎን ሌላው ሳይነካው ማስቀመጥዎ በኋላ ወሬ ሲበዛ መመለሻ ይሆንዎታል። ከዚያ በኋላ ግን ሐሳብዎን ከማይስማማ ሰው ጋር መነጋገር ይጠቅማል፤ በተለይ ዘመድዎን፣ ባንኩን ሳይጠቅሱ በአጠቃላይ ስለ ሕዝብ ከመናገር ይልቅ፣ ስለዚህ ባንክ ምን እንደሚያውቁ ቢጠይቋቸው መልካም ነው።

400,000ውን ብር በሚመለከት፣ ለሱቁ ዕቃ ማምጫ የሚዞረው ገንዘብና ቢያንስ ለተወሰኑ ወራት ለቤተሰብዎ መኖሪያ የሚሆነው ከዚህ ውስጥ ከሆነ እርሱን አይንኩት። የዚህ አካባቢ ሰው ገንዘብ በድንገት የሚያስፈልግበትን ቀን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ በዚያ ቀን አክሲዮንዎን በችኮላ ለመሸጥ ከተገደዱ ሌላ ሰው ከእርስዎ በርካሽ ይገዛል። የተረፈውንም በአንድ ባንክ ላይ በአንድ ቀን ከማዋል ይልቅ በተለያዩ ኩባንያዎችና በተለያየ ጊዜ ቢከፋፍሉት ቴምፕልተን በ104 ኩባንያዎች ያገኘውን ጥበቃ በትንሹም ቢሆን ያገኛሉ። ግዢውን የሚፈጽሙትም በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ በተሰጣቸው አገልግሎት ሰጪዎች በኩል ይሁን። ባለሥልጣኑ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 ሲሆን ፈቃድ ያለውን ከሌለው ለይቶ መጠየቅ መብትዎ ነው። በእቁብ ውስጥ በተጻፈ የውል ወረቀትና በምስክር ብቻ ገንዘብ አይስጡ፤ ዝውውሩ በባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ በስምዎ ካልተመዘገበ ባንኩ ባለአክሲዮን አድርጎ አያውቅዎትም፣ የትርፍ ድርሻውም ለቀድሞው ባለቤት ይሄዳል።

ሻጮቹ ቢቸኩሉም እርስዎ የሚያስቸኩልዎ ነገር የለም፤ ገዢ በጠፋበት ገበያ ጊዜ ያለው ገዢው ነው። የሦስቱን ዓመት ሪፖርት ከባንኩ ጠይቀው እስኪያገኙና ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰውን ትርፍ በራስዎ እጅ እስኪያሰሉ ድረስ ቀብድም ቢሆን አይክፈሉ።